እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉት

ዓርብ 5

ዛሬ የቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒውተር አዲስ ሃርድ ዲስክ ገባለት። ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሮጌው ከወር በፊት ጀምሮ ያቃስት ነበር፤ መዝገቡን ክፈት ብዬው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነበር የሚከፍተው። ዲስኩን የሸጠልኝ ሰውዬ ወረቀት ላይ በጻፈልኝ መሠረት ከትናንት ጀምሮ ሁሉንም ነገር ወደ አዲሱ ገለበጥኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ቀየርኩት፣ አበራሁት፣ ዓይን ሳይርገበገብ ተነሣ። አራት ብሎን ፈትቼ ሦስት መለስኩ። አራተኛው የት እንደገባ እንጃ፤ ያለ እሱም ይሠራል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱ በራሱ አፕዴት ጀመረ። "በመጫን ላይ፣ 31%። እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉት" ይላል። ዘጠኝ ተኩል፣ 31። አሥር፣ 31። አሥራ አንድ፣ 31። ሰርቪሱ አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ይሄዳል፤ ካመለጠኝ በዚህ ዝናብ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ የለጠፈው ማስታወቂያ አለ፦ "ማንኛውም ሠራተኛ ከቢሮ ሲወጣ ኮምፒውተሩን እንዲያጠፋ በጥብቅ እናሳስባለን።" ከሁለቱ ትእዛዞች ፊርማ ያለበትን መረጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ደግሞ እየሠራ ነው አይባልም። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት፣ ትንፋሹ እስኪቆም። ሰኞ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁላችንም እትዬ የምንላት የጽዳት ሠራተኛችን ኮሪደሩን ትወለውል ነበር። "ደህና እደሩ ጋሼ" አለችኝ።

ቅዳሜ 6

ለባለቤቴ የዲስኩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወትኳት። ቢሮ ውስጥ ስሜ "ኢንጂነር" ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት በመንጠቆ አውጥቼ ነው ያገኘሁት፤ ሌሎች ለዚህ ማዕረግ አምስት ዓመት ይማራሉ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትሰማኝም እጇ ከሥራዋ አልተነሣም። "አራተኛው ብሎንስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር የሰማችው ይቺን ብቻ ነው።

ሰኞ 8

አልተነሣም። ሰማያዊ ስክሪን፣ በላዩ ያዘነ ፊት። "ችግር አጋጥሟል፣ እንደገና እንጀምራለን" ይላል። ይጀምራል፣ ያዝናል፣ ይጀምራል። እስከ አሥራ ሰባት ቆጠርኩና ተውኩት።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፣ ከዚያ ክራቫቱ፣ በመጨረሻ ራሱ። እኔ በዚህ ደብተርም እንደ ሠራተኛው ሁሉ "በአስቸኳይ" ነው የምለው፤ በእጁ ባለፈ ወረቀት ሁሉ ላይ "በአስቸኳይ" የሚል ማኅተም ስለሚመታ። አምና የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ጥያቄ ላይ መትቶበታል። ሳሙናው እስከ ዛሬ አልመጣም።

"ምን ሆነ ኢንጂነር?"

"እየሠራ እያለ ኃይል የተቋረጠበት ይመስላል" አልኩ።

"ዓርብ መብራት አልጠፋም እኮ። ማን ነበር እዚህ?"

"እኔ በሰርቪሱ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚገባው ጽዳት ብቻ ነው።"

"አሃ" አለ።

እስቲ ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነ ቃል ያለ እንደሆነ የሚያወጣልኝ ይምጣ። ኃይል ተቋርጧል። በሰርቪስ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚገባው ጽዳት ነው። "አሃ" ያለው እሱ ነው።

ማክሰኞ 9

የላይኛውን ረድፍ ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫንኩ። ምንም። ክዳኑን ከፈትኩ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። አሁን ያዘነው ፊትም የለም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ "ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም" ይላል። ትናንት ታሞ ነበር፣ ዛሬ ጭራሽ ዲስክ የለኝም አለ። አሮጌውን መልሼ ከተትኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ጸጥ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

አራተኛው ብሎን ተገኘ። እዚያው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ 11

ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ አለን። ማን የትኛውን እንደወሰደ የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አንባቢው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ሰምቶታል። ዛሬ ወደ ሠላሳ ሰው ጠየቅኩ፣ ሠላሳውም መልሻለሁ አለኝ። ጡረተኛው ዳኛ አራት መጽሐፍ እንደወሰዱ በዓይኔ አይቻለሁ። "መልሻለሁ" አሉኝ፣ የዳኝነት ድምፃቸውን አውጥተው። "ማስረጃ ካለህ አቅርብ።"

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሶኬቱን አየሁ። የኮምፒውተሩ መሰኪያ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ ሁለት ዙር፣ በደንብ ጠብቆ። የእትዬ ሥራ ነው። አምና የመወልወያውን ማሽን ለመሰካት ብላ ፕሪንተሩን ነቅላው ጮኼባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የማይነቀለውን ሁሉ እየጠየቀች ቀይ ክር አሰረችበት። ክር ያለበትን አትነካም፤ ማሽኑን የምትሰካው ከኮሪደሩ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ "በአስቸኳይ" እንደሆነ ጠረጴዛ ሥር ለመግባት ቁመናው አይፈቅድለትም።

አቧራ ይዞ ነበር፣ ፈታሁት።

እዚህ መጻፍ ያለበት አንድ ነገር አለ። እትዬ እዚህ ቤት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ውሏ በየሦስት ወሩ እየታደሰ። ዘንድሮ ቋሚ ልትሆን ፋይሏ የ"በአስቸኳይ" ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በ30 ይፈረማል። ማመልከቻውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ፣ በዚሁ ኮምፒውተር። "ታታሪና ታማኝ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። "ጥንቁቅ" የሚለውን የጨመረችው ራሷ ናት።

ዓርብ 12

ማስታወቂያ ወጣ፣ ማኅተሙም አለበት። "በጽዳት ሰዓት ኮምፒውተር ከሶኬት በመነቀሉ ምክንያት በመሥሪያ ቤቱ ላይ ለደረሰው ከፍተኛ ጉዳት..." ከዚህ በታች አላነበብኩም።

ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

"እትዬ ናት አሉ።"

"ማን አለ?"

"ኢንጂነሩ።"

እኔ እንዲህ አላልኩም! ያልኩት ከላይ ተጽፏል፤ ቃል በቃል ተጽፏል። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል። ከዚህ በኋላ ጭራሽ ባልናገር ይሻላል። ዝም አይነቅዝም።

ሰኞ 15

መጽሐፎቹን በእጄ ወረቀት ላይ እየመዘገብኩ ሳለ እትዬ መጣች። ባልዲዋን በሩ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ጋሼ፣ እኔ ያንን ሶኬት ነክቼው አላውቅም" አለች። "ክር አስሬበታለሁኮ። እርስዎ ነዎት ይሄ አይነቀልም ያሉኝ።"

"የትኛው ክር?" አልኳት።

ጥያቄ ነው። ጥያቄ ውሸት አይሆንም።

ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። ትንሽ አየችኝ። "እሺ" አለችና ባልዲዋን ይዛ ሄደች። ማታ ስወጣ ጠረጴዛዬ ሥር ተወልውሎ ያበራል።

ረቡዕ 17

ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ ባለቤቴ ጠየቀችኝ።

"አንተ ስትወጣ ያ ነገር በርቶ ነበር?"

"የትኛው ነገር?"

"ኮምፒውተሩ ነዋ።"

ጉዳዩ ቴክኒካዊ መሆኑን፣ ከአፕዴትና ከማስነሻ ፋይሎች ጋር የተያያዘ መሆኑን በዝርዝር አስረዳኋት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

"እኔ እኮ" አለች፣ "መርፌው ጨርቁ ውስጥ ተሰክቶ እያለ ማሽኔን አላጠፋም። ይሄን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሰው ቸኩሎ ካልሆነ በቀር።"

"ምን ለማለት ነው?"

"ምንም። ብላ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይህን የጻፍኩት ስለ እሷ ነው ወይስ ስለ እኔ? አልበላሁም።

ዓርብ 19

በመጨረሻ ቴክኒሺያን ተጠራች። ቦርሳዋን በጀርባዋ ያዘለች ልጅ እግር ሴት ናት። ቁጭ ብላ ክዳኑን ከፈተች። "ይሄን ኬብል ግማሹን ብቻ የሰካው ማነው?" አለች። እሷ ስትሰካው ያዘነው ፊት ተመልሶ መጣ። አሥር ቀን ሙሉ የናፈቀኝ ዘመድ መሰለኝ።

"አፕዴቱ ግማሽ ላይ ተቋርጧል" አለች። "እየሠራ እያለ ማን አጠፋው?"

"የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ሶኬቱን ነቅላ" አለ በአስቸኳይ።

"ሶኬት ተነቅሎም ይሆናል፣ ማብሪያውን ተጭነው ይዘውም ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል፤ በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ እንዴት እንደጠፋ። ልፈልገው?"

ወንበሩን ያዝኩ።

"ግን አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል" አለች። "አለዚያ የመጽሐፉን መዝገብ አውጥቼ ሌላውን ደምስሼ እንደ አዲስ ልጫነው? ያ ዛሬውኑ ያልቃል።"

በአስቸኳይ ወደ እኔ ዞረ። "ኢንጂነር፣ ምን ይሻላል?"

ሁሉም የኔን አፍ ይጠብቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ በዚህ ቤት እንዲህ ተጠብቄ አላውቅም።

"እንደ አዲስ" አልኩ። "አንባቢው እየተጉላላ ነው።"

አንባቢው እየተጉላላ ነበር። እውነት ነው። ለአንባቢው ስል ነው። ለአንባቢው ስል ነው።

ሰኞ 22

ይሠራል። መዝገቡ ሙሉ ነው፣ አንድ መጽሐፍ አልጎደለም። ወሬው እንደተሰማ ጡረተኛው ዳኛ አራቱን መጽሐፍ በጎመን ፌስታል ይዘው መጡ። "ቤት ሳጸዳ አገኘኋቸው" አሉ። እስከ ምሳ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቤቱን አጽድቶ መጣ። ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጸድቷል ማለት ነው።

ስቄ ሳልጨርስ ደብዳቤ መጣልኝ፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ በግልባጭ። የእትዬ ቋሚ ቅጥር ቀርቷል። ውሏም በ30 ካበቃ በኋላ አይታደስም። "ለሌሎች ማስተማሪያ ይሆን ዘንድ" ይላል። ግልባጭ ከተጻፈላቸው መካከል ሁለተኛው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ 23

መናገር ይቻላል። ግን ይህን ያህል ቀን ቆይቶ እንዴት ይነገራል? በመጀመሪያው ሰኞ ቢሆን "ይቅርታ፣ እኔ ነኝ" ይባል ነበር፤ አንድ ተግሣጽ፣ ምናልባት አንድ ማኅተም። አሁን ግን ክሩ አለ። "እንደ አዲስ" አለ። እያንዳንዱን ለብቻው ሳየው ትንሽ ነው። ደምሬ ሳየው ወራዳ ሆኛለሁ።

ይህን ቃል ጽፌ ሳበቃ ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት።

ረቡዕ 24

ደረጃው ላይ አገኘኋት። ላልፋት ስል ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን አይቼዎታለሁ።"

"የቱን ቀን?"

"ኮሪደር ላይ ነበርኩ። በሩ መስታወት ነው። ጣትዎ ቁልፉ ላይ፣ ዓይንዎ ሰዓትዎ ላይ ነበር። እኔማ ሰርቪሱ እንዳያመልጥዎት አስቤ መወልወያዬን ከመንገድዎ አነሳሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ማን ያምነኛል? ባልዲ የያዘች ሴት ኢንጂነሩ ነው ብትል።" ሳቅ ብላ ነበር ይህን ያለችው። "ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ደንግጠዋል፣ ሰው ነው፣ ያልፍለታል አልኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ ክሩን ሳጣው መጠበቅ ተውኩ።"

"እትዬ..."

"ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ማመልከቻዬን የጻፉልኝ ግን እርስዎ ነዎት።"

ወደ ላይ ወጣች። እኔ ወደ ታች ነበር የምሄደው፤ ለምን እንደሆነ ረስቼው ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው የለም፣ አፈርኩ።

ዓርብ 26

ሄድኩ። በሩን ዘግቼ ለበአስቸኳይ ሁሉንም ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቁልፉን ይዤ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ብዬ። እሷ ሶኬት አልነካችም።

ከዚያ ከወንበሩ ተነሣ፤ ለዚህ ሰው መነሣት ቀላል ነገር አይደለም። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"እንዲህ ያለ ልብ!" አለ። "የሌላ ሰው ጥፋት በራስዎ ላይ ይወስዳሉ?"

"የሌላ ሰው አይደለም፣ የኔ ነው።"

"ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። አዝነውላት ነው። እኔም አዝኛለሁ። ግን መሥሪያ ቤት በርኅራኄ አይመራም።"

"እውነቴን ነው የምልዎት!"

"ማስረጃ አለዎት?" አለ፣ እየሳቀ።

ማስረጃውን ደምስሺው ያልኩት እኔ ነኝ። ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ዳውላውን መታሁ፣ አህያው ደግሞ እጄን ጨበጠኝ።

በሻይ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ፊት ተነሥቶ ስለ እኔ ተናገረ። ለባልደረባቸው ሲሉ ክብራቸውን አሳልፈው ሊሰጡ የመጡ ሰው ብሎ። ተጨበጨበልኝ። እትዬ የተጠጣባቸውን ኩባያዎች እየሰበሰበች ነበር። የኔ ጋ ስትደርስ "ጨረሱ ጋሼ?" አለችና ኩባያዬን አነሳች።

እሑድ 28

ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ዲስክ አላወራሁም፤ ስለ ጣቴ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ጭብጨባው ነገርኳት። ማሽኗን አቁማ ሰማችኝ። ስድብ ነበር የጠበቅኩት፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ያን ዓርብ ማታ ደብተርህ ላይ ጽፈሃል?" አለችኝ።

"ጽፌያለሁ።"

"ቁልፉን እንደያዝክ?"

"ሰዓቱ ሳይቀር።"

"ታዲያ ማስረጃ የለኝም ትላለህ?"

ገጹን ቀድጄ ልወስድለት ብድግ አልኩ። እጄን ያዘችኝ። "አንድ ገጽ ብትወስድለት ትናንት ማታ ነው የጻፈው ይልሃል። አዝኖላት ነው ይልና ደግሞ ያስጨበጭብልሃል። ከነሙሉው ስጠው።"

"ሙሉው ላይ እኮ እሱም አለ!"

"ምን ብለኸዋል?"

ነገርኳት። ስለ ሆዱና ስለ ክራቫቱ፣ ስለ ሳሙናውም። ሳቅ ሊያፈናት ደርሶ በጨርቁ አፏን ያዘች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች።

"እንግዲያማ ያምንሃል" አለች። "አለቃው ዘንድ መልካም ሰው ለመምሰል ብሎ እንዲህ የሚጽፍ የለም።"

ሰኞ 29

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህን ደብተር ጸሐፊዎ ጋ አስቀምጬልዎታለሁ። የሚያስፈልግዎት የመጀመሪያው ገጽ፣ የ11 እና የ19 ቀን ነው። ሌላውን ባያነቡት ደስ ይለኛል፤ ግን እንደሚያነቡት አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን አነበው ነበር። "በአስቸኳይ" የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ሁሉ በእሱ ይጠራዎታል እንጂ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ሆድዎ የጻፍኩት ነውር ነው፣ ይቅርታ። ስለ ሳሙናው የጻፍኩት ግን እውነት ነው።

ዓርብ ዕለት ማስረጃ ብለውኝ ነበር፣ ይኸውልዎት። ለሌሎች ማስተማሪያ የሚሆን ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ይቀረኛል፣ በእርሱ ላይ የፈለጉትን ይወስኑ። ጭብጨባውን ግን በተጨበጨበበት ቦታ፣ በሻይ ሰዓት፣ እሷ ባለችበት እንዲያነሱልኝ እለምናለሁ። እርስዎ ካልቻሉ እኔ ራሴ ቆሜ አነባለሁ።

የእሷ ፋይል ከግራ በኩል ሦስተኛው ነው። ፊርማው ነገ ነው። ማኅተምዎ በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ እውነቱን ይናገር፤ በአስቸኳይ ይፈርሙላት።